«ልጄ፣ ምን ይላል?»

አባዬ የተቀበረ ዕለት ማታ ያሲን የሚባለውን የቁርኣን ሱራ (ምዕራፍ) ሦስት ጊዜ ቀራሁ። አራተኛውን ስጀምር የፊት ለፊት ጎረቤታችን መጥተው አጠገቤ ፍራሹ ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ እኛን ሳይጠሩ ቡና አፍልተው አያውቁም። ያን ቀን እማዬን አቅፈው ሲያባብሉ ነበር የዋሉት።

ዝም ብለው ሰሙኝ። ገጹን ጨርሼ ቀና ስል «አሜን» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ምን ይላል?»

«ለአባዬ ዱዓ ነው» አልኳቸው።

«አሜን፣ አሜን። ነፍሳቸውን ይማር» ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። የቀራሁት ገጽ ልመና ይሁን ታሪክ፣ ማስጠንቀቂያ ይሁን የምሥራች ለይቼ መናገር አልችልም። ሱራው ሰው ሲሞት እንደሚቀራ አውቃለሁ። ስለዚህ ዱዓ ነው አልኩ። እሳቸውም አምነውኝ፣ እኔ ራሴ ለማላውቀው ነገር አሜን አሉ።

ለቅሶው አለፈ። ድንኳኑ ተነሣ፣ የዕድሩ ወንበርም ተመለሰ። ያ አሜን ግን አብሮ አልሄደም። ሶላት ላይ ቆሜ ይመጣብኛል። ታክሲ ውስጥ ይመጣብኛል። ሐዘኑ ቀለል ባለኝ ቁጥር እሱ ይበልጥ ይሰማኝ ጀመር።

ልጅ ሆኜ አሜሪካን ግቢ ነው ቁርኣን ቤት የገባሁት። በ11 ዓመቴ አኸተምኩ፤ ቁርኣኑን ቀርቼ ጨረስኩ። አባዬ በግ አርዶ ሰፈሩን አበላ። ዛሬም የትኛውንም ገጽ ቢከፍቱልኝ ሳልደናቀፍ እቀራለሁ። ሰው ድምፄን ይወደዋል። በዚህ ምክንያት ምን ያህል እንደማላውቅ ማንም አላወቀም፤ እኔም ጭምር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ትርጉሙም እንደዚያ ነበር የሆነብኝ። ደርሼበት ስለማላውቅ ናፍቆኝም አያውቅም።

በዚያው ሳምንት የአማርኛውን ትርጉም ከመደርደሪያ አወረድኩ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተዘጋጀው ነው። አባዬ ከአያቴ የወረሰው፣ ጠርዙ የተላላጠ። የያሲንን 83 አንቀጾች በአንድ ቁጭታ ጨረስኩ። አሁን ምን እንደሚል ዐወቅኩ ማለት ነው። በማግስቱ ሱብሒን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ስሰግድ ግን ዓረብኛው እንደ ድሮው ይፈስሳል፤ አማርኛው የትም የለም። ሁለቱ በሁለት ክፍል የተቀመጡ ያህል ነው። መሀላቸው በር የለም። በሩን የሚከፍተው ቋንቋው ራሱ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

የቆርቆሮው ክፍል

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ድሮ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ፣ በቆርቆሮ የተሠራ መስጊድ አለ። ጎኑ ላይ የተቀጠለች አንዲት ክፍል አለች። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ለሴቶች ነህው፣ የዓረብኛ ሰዋስው፣ የሚሰጠው እዚያ ነው። ስድስት ነበርን። አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አንዷ ልጅ አዝላ ነው የምትመጣው። አንዷ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ሼኻችን ይናገሩ የነበሩትን ያቆሙና ይጠብቃሉ። ዝናቡ ካላባራ ከመርካቶ ከአንዋር መስጊድ አካባቢ ያመጧትን ነጭ ሰሌዳ አንሥተው ይጽፉልናል።

ሼኹ ወሎ ውስጥ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ፣ ሆነው ያደጉ ናቸው። ያኔ ለነህው አንድ መንደር፣ ለፊቅህ፣ ለሃይማኖቱ ሕግ፣ ሌላ መንደር በእግር ይኬድ ነበር። ደረሳው የሚበላው ያገሬው ሰው ያዋጣለትን ነው። ይህን ሲያወሩ ሐዘን የለባቸውም። እንደ ሰርግ ነው የሚያወሩት።

የጀመርንበት መጽሐፍ አጅሩሚያ ይባላል። ትንሽ ነው። ያዘጋጁት የሞሮኮው ሊቅ ኢብን አጅሩም ናቸው፤ ያረፉት በ1323 እ.ኤ.አ. ነው። ቀጭን ከመሆኑ የተነሣ በሁለት ሳምንት የምንጨርሰው መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ አንድ ወር ፈጀብን። ንግግር ምን እንደሆነ የሚበይን ነው። አራት ነገር ይጠይቃል። አንዱ «ሙፊድ» መሆኑ ነው፤ ማለትም ለሰሚው የሚሰጠው ፍሬ ሊኖር ይገባል። ፍሬ ካልሰጠ በነህው ሊቃውንት ዘንድ ድምፅ እንጂ ንግግር አይባልም።

ሼኹ ይህን ሲሉ ልቤ ወደዚያ ማታ ሄደ። ፍራሹ ላይ ለጎረቤታችን ለእማማ ያሰማኋቸው ነገር ለኔ ሙፊድ አልነበረም። ቃሉ በራሱ ሙሉ ነው፤ ጎደሎዋ እኔ ነኝ። ግን እኮ እሳቸው የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። ፍሬውን።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ያለቀስኩም ይመስለኛል። እማዬ ከልጅነቷ ጀምራ ቁርኣን ትቀራለች። ዓረብኛ አታውቅም። ተቆጣችኝ። «ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ስሠራ ኖርኩ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ለሼኹ ነገርኳቸው። እሳቸው ሁለት ሐዲስ ጠቀሱልኝ። አንደኛው ከአላህ መጽሐፍ አንድ ፊደል የቀራ ምንዳው በአሥር እንደሚባዛ፣ አሊፍ ላም ሚም ደግሞ አንድ ሳይሆን ሦስት ፊደል እንደሆነ የሚናገረው ነው። ሁለተኛው እየተንተባተበ፣ እየከበደው ለሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው የሚናገረው ነው። «እናትሽ ያላት አላት። አንቺ የመጣሽው ሌላ ልትጨምሪ ነው» አሉኝ። ይህን ለእማዬ መለስኩላት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ቁርሴን እሷ ታዘጋጅልኝ ጀመር።

የታመሙት ፊደላት

ነህው ውስጥ ዘይድ የሚባል ሰው አለ። ሁሉም ምሳሌ የሚሠራው በሱ ነው። ጃአ ዘይዱን፤ ዘይድ መጣ። ረአይቱ ዘይደን፤ ዘይድን አየሁ። መረርቱ ቢዘይዲን፤ በዘይድ በኩል አለፍኩ። የስሙ መጨረሻ ኡን፣ አን፣ ኢን እያለ ይቀያየራል። ማን አድራጊ፣ ማን ተደራጊ እንደሆነ የሚታወቀው በዚች ትንሽ ድምፅ ነው። ኢዕራብ የሚሉት ይህን ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል ይባላል። እኛ ግን «ዘይድን» ላይ ያለችውን ን እናውቃታለን። አማርኛ ተናጋሪ ተደራጊውን በቃሉ መጨረሻ ምልክት ማድረግ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ነው።

ይሄ ነገር እየበዛ ሲሄድ ነው ትምህርቱ የጣመኝ። የቃል ሥር የሚባለውን ሼኹ ሲያስረዱን ከተበ፣ ካቲብ፣ ኪታብ፣ መክተብ ብለው ጻፉ። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ። ተማሪዋ ልጅ ደግሞ «ክትባትስ?» አለች። ክታብም ክትባትም ከዚሁ ከተበ ናቸው።

ከሁሉ የከበደን «ሑሩፉል ዒላ» የሚባሉት ናቸው። የታመሙ ፊደላት ማለት ነው። ወ እና የ ጤነኛ አይደሉም፤ ቃሉ ውስጥ ይገቡና ይጠፋሉ። ማተ፣ ሞተ ማለት ነው። ሥሩ መ፣ ወ፣ ተ ነው ይሉናል። ወ የት አለ? አይታይም። የሙቱ ሲል ደግሞ ተመልሶ ብቅ ይላል። መዝገበ ቃላቱ የሚፈለገው በሥር ስለሆነ የጠፋውን ፊደል ካላገኘን ቃሉን አናገኘውም። ሦስት ሳምንት ተቸገርን። ከዚያ አንድ እሁድ ሼኹ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ ሦስት ቃላት ጻፉ። ቆመ። ሞተ። ጾመ። «ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው?» አሉን። ሦስቱም በሳብዕ ይጀምራሉ። ያ ሳብዕ የጠፋው ወ የተቀበረበት ቦታ ነው። ግዕዝ ይቀውም፣ ይመውት፣ ይጸውም ሲል ወ ብድግ ይላል። ዓረብኛው ቃመ፣ ማተ፣ ሷመ ይላል። የታመመው ያው ፊደል ነው።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ አጠረብኝ። ባዕድ አገር የሄድኩ መስሎኝ ነበር። የዘመድ ቤት ነው ለካ የገባሁት።

ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ ብለን ፊደል ቆጥረናል። ዓረብኛው ሳሊስ፣ ራቢዕ፣ ኻሚስ፣ ሳዲስ፣ ሳቢዕ ይላል። ሰገደ ስንል ሰጀደ ይላሉ፤ መስጊድ መስገጃ ነው። ልጅ ሆኜ ሁለቱን ሐ እና ሀ፣ ሁለቱን አ እና ዐ ለምን እንደምንለይ መምህሬን ጠይቄ ያው ናቸው ተብዬ ነበር። በአማርኛ አነባበብ አዎ፣ ያው ናቸው። ዓይን ብለን የምንጽፈው ግን በዓረብኛ ዛሬም ከጉሮሮ ነው የሚወጣው። ኃጢአት በኸ ነው። ፀሐይን በፀ የጻፉት አባቶች በከንቱ አልጻፉም፤ ዱሓ ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ዱሓ የተባለው ሱራ የሚጀምረው በረፋዱ ፀሐይ እየማለ ነው። እኛ ድምፁን ጥለን ልብሱን ይዘናል። ፊደላችን የድሮ ሰው ፎቶ ያለበት አልበም ነው። ዓረብኛ ውስጥ ሰዎቹን በሕይወት አገኘኋቸው።

ሼኹ ደግሞ የሙዘሚልን ሱራ ስናይ ያሳዩን ነገር አለ። «ናሺአተል ለይል» የሚል አለ፤ ስለ ሌሊት መነሣት ነው። የነቢዩ ባልደረባ ኢብን ዐባስ ነሸአ በሐበሾች ቋንቋ ቆመ ማለት ነው ማለታቸውን የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ መዝግበዋል። ግዕዙ ተንሥአ ነው፤ አማርኛው ተነሣ። ኢማም ሻፊዒይ ቁርኣን ውስጥ ዓረብኛ ያልሆነ ቃል የለም ባይ ናቸው። ሱዩጢ የተባሉት ሊቅ ደግሞ ከሌላ ቋንቋ መጡ የተባሉትን ሰብስበው ጽፈዋል። ሁለቱንም የሚያስታርቁ ሊቃውንት ቃሉ ከሌላ መጥቶ ቁርኣን ሲወርድ ግን ዓረብኛ ሆኖ ነበር ይላሉ። እኔ በዚህ ክርክር የምገባ ሰው አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሱብሒ ስነሣ ቃሉ አብሮኝ ይነሣል።

ከከተማይቱ ዳር

በትምህርቱ ሰባተኛ ወር ላይ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆሜአለሁ። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ይህን ሰልፍ ያውቀዋል። በጨለማው ከየብሎኩ ሰው እየሮጠ ይመጣል። ካመለጠው የሥራ ሰዓት አለፈ ማለት ነው።

ወንበር አግኝቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። አባዬ ከሞተ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ያሲንን እሰማለሁ። እሱም ሐሙስ ማታ ሐሙስ ማታ ይቀራት ነበር፤ ለኔም ከሱ የቀረ ልማድ ነው። ብዙውን ጊዜ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያን ቀን ቃሪኡ 20ኛው አንቀጽ ላይ ደረሰ።

ወጃአ ሚን አቅሶል መዲነቲ ረጁሉን የስዓ።

ይህን አንቀጽ በሕይወቴ ስንት ጊዜ ቀራሁት? መቁጠር አልችልም። እንደ አንድ ረጅም ድምፅ ነበር የማውቀው። በተለይ መጨረሻው። በተጅዊድ (በቁርኣን አቀራር) ሕግ ረጁሉን የምትለው ን ከሚቀጥለው የ ጋር ትዋሃዳለች፤ ኢድጋም ይባላል። ስለዚህ ሲቀራ «ረጁሉይየስዓ» ሆኖ ነው የሚወጣው። ልጅ ሆኜ አንድ ቃል ይመስለኝ ነበር። ሰው ይሁን ሩጫ ይሁን ማን ያውቃል።

ያን ጠዋት ድምፁ ተሰነጠቀ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። መጀመሪያ ጃአ ተነጥሎ ወጣ። ጃአ ዘይዱን። መጣ! ሰባት ወር ሙሉ ሰሌዳው ላይ ሲመጣ የከረመ ግሥ ነው። ቀጥሎ ሚን፣ ከ። ቀጥሎ አቅሷ። ይሄን ማን ያስተማረኝ አለ? ማንም። መስጂደል አቅሷ፤ ሩቁ መስጊድ፣ የዳሩ መስጊድ። ስሙን ስጠራው ኖሬ ትርጉሙ እጄ ላይ እንዳለ አላወቅኩም። መዲና። ዜና አንባቢው ማታ ማታ «በመዲናችን አዲስ አበባ» ሲል የሚጠራት ከተማ። ረጁሉን። ሰው፤ አንድ ሰው። መጨረሻዋ ኡን ስለሆነች የመጣው እሱ ነው፤ ተንዊን፣ ያቺ የመጨረሻዋ ን፣ ስላላትም ማንነቱ ያልተነገረ ሰው ነው። የስዓ። እማዬ ሐጅ ሄዳ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ያደረገችው ሰዕይ። ጉልበቷ እንዴት እንዳመማት ነግራኛለች። ይሮጣል፤ ይጣደፋል።

ከከተማይቱ ዳር አንድ ሰው እየሮጠ መጣ።

ማንም አልተረጎመልኝም። በዓረብኛ ገባ፣ በዓረብኛ ገባኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። አውቶቡሱ ገና ከሰፈራችን አልወጣም። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አንድ ጎልማሳ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ ሰልፉ እየሮጠ ነበር። ቃሪኡ አልጠበቀኝም፤ ሁለት ሦስት አንቀጽ አልፏል። አቁሜ መለስኩት። እንደገና ሰማሁት። ደግሞ መለስኩት። ቃሊቲ እስክንደርስ ያቺን አንድ አንቀጽ ብቻ ስሰማ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም። መሐረብ ብቻ ሰጠችኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለ ሐሜት ነው የሚሉት። እኔ ግን በዚያ ጠዋት በሌላ መንገድ ገባኝ። ስድስቱም ቃላት ጆሮዬ ውስጥ ነበሩ። አንዱ ከዜና፣ አንዱ ከመስጊድ ስም፣ አንዱ ከእማዬ ጉልበት። ዓመታት አብረውኝ ኖረዋል። እኔ ነኝ ሳልጠይቃቸው የኖርኩት።

ቅዳሜ ለሼኹ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። ወዲያው ቁርኣኑን ገልጠው ሱረቱል ቀሶስ 20ኛ አንቀጽ ላይ አቆሙኝና «ቅሪ» አሉኝ። ወጃአ ረጁሉን ሚን አቅሶል መዲነቲ የስዓ። ያው ቃላት ናቸው። ያው ቁጥር። ሙሳን ሊገድሉት እየተማከሩ ነው ብሎ ሊያስጠነቅቅ የመጣ ሰው ነው። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቦታ ተለዋውጠዋል። እዚህ ሰውዬው ይቀድማል፤ ያሲን ላይ የከተማው ዳር ይቀድማል።

እውነት ለመናገር፣ የአማርኛውን ትርጉም ሳነብ ይህን አላየሁም። በአማርኛ መጣ የምንለው መጨረሻ ላይ ነው። ከፊቱ ያሉት ቃላት ቢለዋወጡ ጆሯችን ብዙም አይደነግጥም። ሁለቱ ሱራዎች ደግሞ ብዙ ገጽ ይራራቃሉ። ሼኹ እንዲህ አሉን። በ1973 እ.ኤ.አ. ያረፉት ቱኒዚያዊው ሙፈሲር (የቁርኣን ተንታኝ) ኢብን ዓሹር ያሲን ላይ ዳሩ የቀደመው የዳር ሰዎችን ለማመስገን ነው ብለዋል። በዚያች ከተማ እምነት መሀል ከተማ ሳይገባ በፊት ዳር ላይ ታየ። መሀሉ የገዢዎቹ መኖሪያ ነው። መልካም ነገር መሀል ላይ ጠፍቶ ዳር ላይ ሊገኝ ይችላል።

ክፍሏ ጸጥ አለች። ቆርቆሮው ላይ የተቀመጠ ወፍ እግሩን ሲፈትግ ይሰማል። የልጅ ልጅ ያዩት እናት ቀስ ብለው «እኛም ዳር ነን» አሉ።

ስምዑኒ

በዚያው ሰሞን እሁድ ከሰዓት እማማ ቡና ጠሩን። እማዬ ጉልበቷን ስላመማት ብቻዬን ሄድኩ። ቁርኣኔን ይዤ ነው የሄድኩት። አንደኛውን ስንጠጣ ጀመርኩ።

«እማማ፣ አባዬ የሞተ ዕለት ምን ይላል ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ዱዓ ነው አልኩዎት። ዱዓ አይደለም። ያን ዕለት አላውቅም ነበር።»

ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። አልተቆጡም። «እና ምን ይላል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አንዲት ከተማ አለች። ሁለት መልእክተኞች ተላኩባት፤ አስተባበሏቸው። ሦስተኛ ተጨመረ። የከተማው ሰዎች እናንተ እንደኛው ሰው ናችሁ፣ ካልተዋችሁን እንወግራችኋለን አሏቸው። ያኔ ከከተማይቱ ዳር አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ወገኖቼ ሆይ፣ ዋጋ የማይጠይቋችሁን ተከተሉ አላቸው።

«ማን ይባላል?»

«ቁርኣኑ ስሙን አይጠራም። ሊቃውንቱ ግን ሐቢብ ይሉታል። አናጺ ነበር ይላሉ።»

ቀራሁላቸው። አሁን እየቆምኩ፣ እያንዳንዱን አንቀጽ እየፈታሁ። የማላውቃቸው ቃላት ላይ ደብተሬን አያለሁ። 25ኛው ላይ ደረስኩ። ሰውዬው የሚናገረው የመጨረሻ ቃል ነው። ኢንኒ አመንቱ ቢረብቢኩም ፈስመዑን።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ እማማ። «የመጨረሻዋን ድገሚያት።»

«ፈስመዑን።»

«ስምዑኒ!» አሉ። ብድግ አሉና መኝታ ክፍል ገቡ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ዳዊታቸውን ይዘው ወጡ። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ ፈለጉ። ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው በግዕዝ አነበቡልኝ። ንዑ ደቂቅየ ወስምዑኒ።

«ኑ ልጆቼ፣ ስሙኝ ነው» አሉ። «ያንቺም ስሙኝ ነው?»

«ስሙኝ ነው።»

ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ዳዊታቸውን ሳይዘጉ ተናገሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይደግሙታል። አባታቸው ናቸው ያስቆጠሯቸው። አንዱን ያውቁት እንደሆነ አንዱን አያውቁትም። ቄሱን ለመጠየቅ ያፍራሉ። «ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ» አሉኝ። «ምናልባት አንቺ የምታነቢውን ታውቂ ይሆናል ብዬ ነው።»

ሁለተኛውን ቀዱልኝ። «ቀጥይ እንጂ። ሰውዬው ምን ሆነ?»

ገጹን ገለጥኩ። ሰውዬው ስሙኝ ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ «ጀነት ግባ ተባለ» ነው። ገደሉት አይልም። ተፍሲሮቹ፣ የቁርኣን ማብራሪያዎቹ፣ ናቸው መገደሉን የሚነግሩን። መሞቱ በሁለት አንቀጾች መካከል ነው፤ ቃሪው ትንፋሽ በሚወስድባት ቦታ። አባዬ ውሃ አምጪልኝ አለኝ። ኩሽና ገብቼ ስመለስ አርፏል።

«ጀነት ገብቶም ወገኖቹን አልረሳቸውም» አልኳቸው። «ያ ለይተ ቀውሚ የዕለሙን ይላል። ምነው ወገኖቼ ባወቁ!»

እማማ ዳዊታቸውን መልሰው ጠቀለሉት። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አባትሽ ይሄን ያውቁት ነበር?» አሉኝ።

ሐሙስ ማታ ሐሙስ ማታ ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲቀራት አጠገቡ አድጌአለሁ። አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።